የነገረ መለኮት ሊቅ በመኳንንት ጥላ ሥር፤ ጆን ዊክሊፍና የእንግሊዝ መንግሥት

የእንግሊዙን ሊቅ የጆን ዊክሊፍን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ምክንያት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ተማሪዎች ከሉተር በፊት የወጣ የተሐድሶ አጥቢያ ኮከብ እንደ ነበረ ተነግሮናል። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ሕይወቱን ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ሰው ሌላ ዊክሊፍ ይታየዋል። ይኸውም የንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ ባሕር የተሻገረ፥ በንጉሥ ምክር ቤት ተጠርቶ ምክር የሰጠ፥ በፓርላማ ፊት ቆሞ ለመንግሥት የተሟገተ፥ በችሎት ፊት በቀረበም ጊዜ የመንግሥቱ ኃያላን ግራና ቀኝ አጅበው ያስገቡት ዊክሊፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው። ልንመልሰው የምንሞክረውም ጥያቄ አንድ ነው፤ መኳንንቱ በዊክሊፍ ተጠቀሙበት ወይስ ዊክሊፍ በመኳንንቱ ተጠቀመ? በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዊክሊፍ የተወለደው በ1330 ገደማ በሰሜን እንግሊዝ፥ በዮርክሺር አውራጃ፥ ከሪችመንድ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። ወገኖቹ መጠነኛ ርስት ያላቸው ባላባቶች ነበሩ። የሪችመንድን ግዛት ከ1342 እስከ 1372 ድረስ የያዘው የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ልጅ ጆን ኦቭ ጎንት ነበር። ይህ ሰው የላንካስተር መስፍን ሆኖ በምንተርከው ታሪክ ውስጥ ብዙ ቦታ ይይዛልና አንባቢ ስሙን ልብ እንዲለው እንለምናለን። ዊክሊፍ በመስፍኑ ግዛት የተወለደ ሰው መሆኑ ለኋለኛው ግንኙነታቸው አንድ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ወጣቱ ኦክስፎርድ ገብቶ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ተማረ። በ1356 የመርተን ኮሌጅ አባል፥ በ1360 ገደማ የቤሊየል ኮሌጅ አለቃ ሆኖ እናገኘዋለን። የነገረ መለኮት ዶክተርነት ማዕረግ የተቀበለው በ1372 ነው። በዚያን ዘመን የዩኒቨርስቲ መምህር የሚተዳደረው በአብዛኛው ከደብር ገቢ ነበር። አንድ ሊቅ በአንድ የገጠር ደብር ላይ አለቃ ተብሎ ይሾማል፤ ከገቢው ጥቂቱን ከፍሎ በምትኩ ሌላ ቄስ ያስቀምጣል፤ እርሱ ግን ኦክስፎርድ ተቀምጦ ያነባል፥ ያስተምራል። ዊክሊፍም በ1361 በሊንከንሺር በፊሊንግሃም ደብር ላይ ተሾመ። በ1363ና በ1368 ከደብሩ ርቆ እንዲማር ከጳጳሱ ፈቃድ አገኘ። በ1368 ፊሊንግሃምን ለኦክስፎርድ በሚቀርበው በላጀርሾል ለወጠው። በዌስትበሪ ቤተ ክርስቲያንም ሌላ ሹመት ነበረው፤ በ1366 ምርመራ በተደረገ ጊዜ ግን በቦታው አልተገኘም። ይህን የምናነሣው ለነቀፋ አይደለም፤ የዘመኑ ልማድ ነውና። ነገር ግን ስለ ካህናት ሀብት እጅግ የከረረ ቃል የጻፈው ሰው ከዚሁ ማዕድ ይመገብ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ሊቀ ጳጳሱ አይስሊፕ ባቋቋመው በካንተርበሪ አዳራሽ በሚባለው የኦክስፎርድ ኮሌጅ ላይ በ1365 አለቃ ተደርጎም ነበር። አዲሱ ሊቀ ጳጳስ ላንግሃም ግን ኮሌጁ ለመነኮሳት ይገባል ብሎ በ1367 አስወጣው። ዊክሊፍ ወደ ፓፓው ይግባኝ አለ፤ በ1370 ተፈረደበት። ጠላቶቹ በኋላ ዘመን ትምህርቱ ሁሉ የወጣው ከዚህ ቂም ነው ብለዋል። እኛ ግን ይህን ዓይነት ማብራሪያ አንወደውም። ሹመት የተነፈጉ ካህናት በዚያ ዘመን ስፍር ቁጥር አልነበራቸውም፤ የሁሉም ቂም ግን የአገርን መንግሥት የሚያናውጥ መጽሐፍ አላስጻፋቸውም።

አሁን ወደ ፖለቲካው እንመለስ። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆን በ1213 በችግሩ ጊዜ መንግሥቱን ለፓፓ ኢኖሰንት ሣልሳዊ አስረክቦ፥ እንደ ጭሰኛ በየዓመቱ 1,000 ማርክ ሊገብር ቃል ገብቶ ነበር። ግብሩ ሲቋረጥና ሲቀጠል ኖሮ ጨርሶ ቀረ። ፓፓ ኡርባን አምስተኛ ውዝፉን ሁሉ ሲጠይቅ በ1366 ፓርላማው ተሰብስቦ፥ ንጉሥ ጆን ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ያደረገው ውል አይጸናም ብሎ እንቢ አለ። ከዚህ በፊትም በ1351ና በ1353 የወጡት ሕጎች ፓፓው በእንግሊዝ ደብሮች ላይ የራሱን ሰዎች እንዳይሾም፥ የአገር ክርክርም በይግባኝ ወደ ፓፓ ችሎት እንዳይወጣ ይከለክሉ ነበር። ቁጣው ለምን እንዲህ በረታ ቢባል፥ ፓፓዎቹ ከ1309 ጀምሮ የሚኖሩት በሮማ ሳይሆን በአቪኞን ነበር። እንግሊዝ ደግሞ ከ1337 አንሥቶ ከፈረንሳይ ጋር ትዋጋ ነበር። ስለዚህ ለፓፓ የሚላከው ገንዘብ በእንግሊዞች ዓይን ወደ ጠላት ወገን የሚሄድ ገንዘብ ነበር።

ንጉሡ በዚህ ክርክር የሚረዱት ሊቃውንት ይፈልግ ነበር። በአፕሪል 1374 ዊክሊፍ በሌስተርሺር የምትገኘውን የሉተርወርዝን ደብር ከዘውዱ ተቀበለ፤ በጁላይ ደግሞ ከፓፓው መልእክተኞች ጋር ለመነጋገር ወደ ብሩዥ ከሚሄዱት ሰዎች አንዱ ሆነ። በመልእክተኞቹ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ከመሪያቸው ከባንጎር ጳጳስ ከጆን ጊልበርት ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። አበሉም በቀን 20 ሽልንግ ነበር። ንግግሩ ግን ይህን ያህል ፍሬ አላፈራም፤ ንጉሡና ፓፓው ሹመቱን እየተካፈሉ መቀጠልን መረጡ። ጊልበርት በ1375 ከባንጎር ወደ ተሻለው ወደ ሄርፎርድ ጵጵስና ተዛወረ። ዊክሊፍ ወደ ኦክስፎርድ ተመልሶ መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። ከሁለቱ ለፖለቲካ የተፈጠረው ማን እንደ ሆነ ከዚህ ብቻ ይታወቃል።

በ1375ና በ1376 የጻፈው መጽሐፍ ስለ ዓለማዊ ጌትነት የሚናገር ነው። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጌትነት ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው የሚይዘው በጸጋ ተሰጥቶት በአደራ ነው። በኃጢአት የሚኖር ሰው አደራውን አጥፍቷልና በእግዚአብሔር ፊት እውነተኛ ጌታ አይደለም። ጻድቅ ግን በእጁ ምንም ባይኖር የሁሉ ጌታ ነው። ይህ እንደ ተጻፈው በሁሉ ላይ ቢሠራበት ኖሮ ንጉሥም መስፍንም ባልተረፈ ነበር። ዊክሊፍ ግን ይለያል። ዓለማዊው ገዢ ክፉ ቢሆን እንኳ ሥልጣኑ ለሥርዓት የተሰጠ ስለ ሆነ ሊታዘዙት ይገባል ይላል። ቤተ ክርስቲያን ግን ከክርስቶስ የተቀበለችው ድኽነትን እንጂ ጉልትን አይደለም። ካህናት የያዙት መሬት ነገሥታትና መኳንንት ለምጽዋት የሰጡት ስለ ሆነ፥ ካህናቱ ሥራቸውን ሲያጠፉ ሰጪው ሊመልሰው ይችላል፤ እንዲያውም ይገባዋል። እንግዲህ ሰይፉ የተሳለው በአንድ ወገን ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውላል። ካህኑ ማጥፋቱን የሚፈርደው ማን ነው? የሚወርሰው ማን ነው? ሁለቱም አንድ ሰው ነው። በጦርነት ወጪ የተጨነቁ መኳንንት ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ነገረ መለኮት ሰምተው አያውቁም።

በ1376 የጸደይ ወራት የተሰበሰበው፥ በታሪክ መልካሙ ፓርላማ የተባለው ጉባኤ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች በሙስና ከሶ አዋረደ። ፓርላማው እንደ ተበተነ ግን ጎንት ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። ከፓርላማው ደጋፊዎች አንዱ የዊንችስተር ጳጳስ ዊልያም ኦቭ ዊከም ስለ ነበር፥ በቀድሞ ሹመቱ ጊዜ ገንዘብ አጥፍተሃል ተብሎ ተከሰሰና የጵጵስናው ርስት ተወረሰ። ዊክሊፍ በንጉሡ ምክር ቤት ተጠርቶ ከኦክስፎርድ ወደ ሎንዶን የመጣው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን እየዞረም በካህናት ሀብት ላይ ሰበከ። በጳጳሱ ላይ የተሠራውን ሥራ በመድረክ እንዲደግፍለት መስፍኑ እንዳስመጣው መጠርጠር አስቸጋሪ አይደለም። ከዊከም የተወሰደው ርስት ለድኾች ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ የዊክሊፍ ትምህርት ተፈጸመ ባልን ነበር። ነገር ግን በ1377 ገቢው ለወጣቱ ልዑል ለሪቻርድ ተሰጠ።

ጳጳሳቱ መስፍኑን ሊከሱ ስላልቻሉ ሰባኪውን ከሰሱ። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1377 ዊክሊፍ በሎንዶን በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀርብ ታዘዘ። የመጣውም ብቻውን አይደለም። በአንድ ወገን ጎንት፥ በሌላ ወገን የንጉሡ ማርሻል ሄንሪ ፐርሲ፥ ከኋላም ሊከራከሩለት የተዘጋጁ አራት የነገረ መለኮት ሊቃውንት ነበሩ። አራቱም ከአራቱ በልመና ከሚኖሩ መነኮሳት ማኅበሮች የተውጣጡ ናቸው፤ እነዚህ ማኅበሮች ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዋና ጠላቶቹ ይሆናሉ። ሕዝቡ ስለ ተጨናነቀ ፐርሲ እየገፋ መንገድ አስከፈተ። የሎንዶን ጳጳስ ዊልያም ኮርትኔ፥ እንዲህ የምታደርግ መሆንህን ባውቅ ኖሮ ባላስገባሁህም ነበር አለው። ፐርሲ ዊክሊፍን፥ የምትመልሰው ብዙ ነውና ተቀመጥ ሲለው ጳጳሱ ተከሳሽ በዳኛ ፊት አይቀመጥም ብሎ ከለከለ። በዚህ የወንበር ጉዳይ መስፍኑና ጳጳሱ ተሰዳደቡ። መስፍኑም ጳጳሱን ፀጉሩን ይዤ እጎትተዋለሁ ብሎ ሲያጕረመርም ሰዎች ሰሙ ይባላል። የሎንዶን ሕዝብ ጳጳሱ ተደፈረብን ብሎ ተነሣና ችሎቱ በሁከት ተበተነ። በማግሥቱ ሕዝቡ መስፍኑን ሊገድለው ሲፈልገው፥ ቴምዝን በጀልባ ተሻግሮ ወደ ወንድሙ ሚስት ወደ ልዕልት ጆአን ቤት ሸሸ።

በዚህ ሁሉ መካከል ዊክሊፍ አንዲት ቃል እንኳ ሲናገር አልተሰማም። ስለ ጌትነት የጻፈውን የጠየቀውም የለም። ክርክሩ የነበረው በሁለት ኃያላን መካከል ነው፤ ሊቁ የቆመው እንደ ዕቃ ነበር። ተማሪዎች የዊክሊፍን ፖለቲካዊ ሕይወት ለመረዳት ቢፈልጉ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ዝምታውን ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል።

ፓፓ ግሬጎሪ አሥራ አንደኛ በሜይ 22 ቀን 1377 አምስት ደብዳቤዎች ጽፎ 18 ያህል የዊክሊፍን አሳቦች አወገዘና ይታሰር ብሎ አዘዘ። ደብዳቤዎቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ንጉሥ ኤድዋርድ በጁን ሞተ፤ የ10 ዓመቱ ሪቻርድ ዳግማዊ ነገሠ። አዲሱ መንግሥት ዊክሊፍን በማሰር ፈንታ ጥያቄ አቀረበለት፤ አገር በጠላት በተጨነቀች ጊዜ፥ ፓፓው በውግዘት እያስፈራራም ቢጠይቅ፥ ገንዘብ ከአገር እንዳይወጣ መከልከል ይገባልን? ዊክሊፍም ይገባል ብሎ መለሰ። በ1378 መጀመሪያ ላይ በላምቤዝ ለሁለተኛ ጊዜ ለችሎት ሲቀርብ፥ የንጉሡ እናት ልዕልት ጆአን ፍርድ እንዳይሰጡ መልእክተኛ ልካ ጳጳሳቱን ከለከለች። ዓምና በመስፍኑ ላይ የተነሣው የሎንዶን ሕዝብም ለሊቁ አግዞ ችሎቱን ገብቶ በጠበጠ። በማርች ግሬጎሪ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ኡርባን ስድስተኛና ክሌመንት ሰባተኛ የሚባሉ ሁለት ፓፓዎች ተሾመው እርስ በርሳቸው መወጋገዝ ስለ ጀመሩ፥ የዊክሊፍን ጉዳይ የሚከታተል ጠፋ።

እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ነገር ይመጣል። በ1367 በስፔይን በናሔራ ጦርነት ሮበርት ሆሊና ጆን ሻኬል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወታደሮች አንድ ታላቅ የስፔይን መኰንን ማርከው፥ ለማስለቀቂያው ዋጋ ልጁን መያዣ አድርገው ያዙ። መንግሥት ልጁን ለራሱ ጉዳይ ስለ ፈለገው አስረክቡ ቢላቸው እንቢ አሉና በሎንዶን ግንብ ታሰሩ። በ1378 ከእስር አምልጠው በዌስትሚንስተር ገዳም ተማፀኑ። በኦገስት 11 ቀን የግንቡ ሹም ወታደሮች ይዞ ወደ ገዳሙ ገባ። ሻኬል ተያዘ። ሆሊ ግን ቅዳሴ እየተቀደሰ በመዘምራኑ መቆሚያ ሲሸሽ ተገደለ፤ ከእርሱ ጋርም አንድ የገዳሙ አገልጋይ ሞተ። ጳጳሳቱ የሠሩትን ሁሉ አወገዙ፤ አገር ተሸበረ። በኦክቶበር ፓርላማው ከሎንዶን ርቆ በግሎስተር ሲሰበሰብ መንግሥት የሚከራከርለት ሊቅ አስፈለገውና ዊክሊፍን አቀረበው።

ዊክሊፍ መግደሉን አልደገፈም፤ ይህን መመስከር ይገባናል። የተከራከረው የንጉሥ ሹሞች ወደ መማፀኛ ሥፍራ መግባት ይችላሉ ብሎ ነው። መማፀኛ የተሠራው ለግፉዓን እንጂ ዕዳ ላለባቸውና የንጉሥን ትእዛዝ ለሚጥሱ ሰዎች መደበቂያ አይደለም አለ። ቦታው ቅዱስ ነው ማለት ሕግ አይደርስበትም ማለት አይደለም፤ ካህናት ይህን መብት የሚጠብቁትም ለእግዚአብሔር ክብር ሳይሆን ለራሳቸው ክብር ነው አለ። የአሳቡ ፍሬ ነገር ዛሬ ለሚያነብ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሕግ ለሁሉ አንድ ይሁን የሚል ሰው ዊክሊፍን ሊቃወመው ያስቸግረዋል። ነገር ግን የተናገረው በክፍል ውስጥ ሳይሆን ሁለት ሰዎች ከተገደሉ ከሁለት ወር በኋላ፥ ገዳዮቹ በሚያገለግሉት መንግሥት ተጠርቶ ነው። እውነት የሆነ ነገርም በማን አፍ፥ ለማን ጥቅም፥ በምን ጊዜ እንደ ተነገረ ይጠየቃል። ሆሊና ሻኬል ግፈኞች ነበሩ ወይስ ግፍ የደረሰባቸው? የያዙት መያዣ በጦር ሕግ የራሳቸው ገንዘብ ነበር። በዊክሊፍ ሚዛን መማፀኛ የሚገባው ለእንደነርሱ ያለው ሰው ነው ብንል ከአሳቡ የምንርቅ አይመስለንም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ብናይ፥ ዊክሊፍ የመስፍኑ መሣሪያ ነበር ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ግን ይህን ያፈርስብናል። በ1379 ዊክሊፍ ስለ ምሥጢረ ቁርባን ጻፈ። በ1215 በላተራን ጉባኤ የጸናው ትምህርት፥ በቅዳሴ ጊዜ ኅብስቱ ወደ ክርስቶስ ሥጋ ይለወጣል፤ የኅብስቱ መልክና ጣዕም እንጂ ኅብስትነቱ አይቀርም የሚል ነበር። ዊክሊፍ በፍልስፍናው የአንድ ነገር ህላዌ ፈጽሞ ጠፍቶ መልኩ ብቻውን ሊቆም አይችልም ብሎ ያምን ስለ ነበር፥ ክርስቶስ በቁርባኑ ውስጥ በእውነት አለ፥ ኅብስቱም ኅብስት ሆኖ ይኖራል አለ። ይህ ትምህርት ለመስፍኑ አንድ ጋሻ መሬት እንኳ አያስገኝለትም። እንዲያውም ወዳጆቹን መነኮሳት ሁሉ አሳጣው። መሣሪያ ብቻ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም።

በ1380 ክረምት የዩኒቨርስቲው ቻንስለር ዊልያም ባርተን 12 ዶክተሮች ሰብስቦ ጉዳዩን አስመረመረ። በ7 ድምፅ በ5 ተፈረደበት። ፍርዱ የተነገረው ዊክሊፍ ተማሪዎቹን ስለዚሁ ነገር ሲያስተምር ሳለ ነው። ቢደነግጥም፥ ቻንስለሩም ሆነ ግብረ አበሮቹ አሳቤን ሊያስለውጡኝ አይችሉም ብሎ መለሰ። ይግባኝ ያለውም ለጳጳስ ወይም ለፓፓ ሳይሆን ለንጉሥ ነው። እስከዚያ ጊዜ በጻፈው መሠረት ይህ ትክክለኛ መንገድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሳሳት የሚያርማት ዓለማዊው ጌታ ነው ብሎ ነበርና። ጌታው መጣ። ጎንት ወደ ኦክስፎርድ ወርዶ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ እንዳትናገር ብሎ አዘዘው። ዊክሊፍ በሜይ 10 ቀን 1381 አሳቡን የሚያጸና ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያውም ዓመት ኦክስፎርድን ትቶ ወደ ሉተርወርዝ ሄደ።

እኛ ከዚህ የምንረዳው እንዲህ ነው። ዊክሊፍ መኳንንቱን እንደ ሐኪም ቢላዋ ያስባቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከሀብት በሽታ ትድን ዘንድ የሚቈርጥ እጅ ያስፈልጋል፤ ካህናት ራሳቸውን አይቈርጡም፤ ስለዚህ ንጉሥ ይቍረጥ። መኳንንቱ ግን ሐኪሞች አልነበሩም። ከቤተ ክርስቲያን የፈለጉት መሬቱን እንጂ ጤናዋን አልነበረም። ክርክሩ ስለ ርስት እስከ ሆነ ድረስ ሁለቱ በአንድ መንገድ ሄዱ፤ ስለ እምነት በሆነ ጊዜ ተለያዩ። ዊክሊፍ ይህን ልዩነት ለማየት የዘገየ ይመስለናል፤ ፈጽሞ አይቶት እንደ ሆነም ያጠራጥራል፤ በኋላ ጽሑፎቹም ከንጉሥ ተሐድሶን መጠበቅ አልተወምና።

በጁን 1381 የገበሬዎች ዐመፅ ተነሣ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ የተጣለው የ12 ሳንቲም፥ ማለት የአንድ ሽልንግ የነፍስ ወከፍ ግብር ሕዝቡን አስመርሮት ነበር። ዐመፀኞቹ ሎንዶን ገብተው የጎንትን ቤተ መንግሥት ሳቮይን አቃጠሉ፤ ሊቀ ጳጳስ ሰድበሪን አንገቱን ቈረጡት። ጠላቶቹ የዐመፁ አባት ዊክሊፍ ነው፥ የዐመፀኞቹ ሰባኪ ጆን ቦልም ደቀ መዝሙሩ ነው አሉ። ይህ ሊሆን አይችልም፤ ቦል የዊክሊፍ ስም ከኦክስፎርድ ሳይወጣ በ1360ዎቹ ይሰብክ ነበር። ዊክሊፍ ዐመፁን አልደገፈም። ነገር ግን ድኾች ከመጠን በላይ እንደ ተገበሩና የቤተ ክርስቲያን ሀብት ሸክሙን ሊያቀልላቸው ይገባ እንደ ነበር ጻፈ። ከዚያ በኋላ ግን መኳንንቱ ስለ ጌትነትና ስለ ኃጢአት የሚናገር ትምህርት በሰሙ ቍጥር የሳቮይ እሳት ይታያቸው ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

ሰድበሪን የተካው ያ ኮርትኔ ነው። በሜይ 1382 በብላክፍራያርስ ጉባኤ ሰብስቦ ከዊክሊፍ ትምህርት 10 አሳቦች ኑፋቄ፥ 14 ደግሞ ስሕተት ናቸው አስባለ። ጉባኤው ተቀምጦ ሳለ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ሊቀ ጳጳሱ ምድር ክፉ አየሯን እንደምታወጣ መንግሥቱም ኑፋቄን ያወጣል ብሎ ተረጐመው፤ ዊክሊፍ በበኩሉ እግዚአብሔር በጉባኤው ላይ መፍረዱ ነው አለ። ከደቀ መዛሙርቱ ዋና ዋናዎቹ ኒኮላስ ሄርፎርድና ፊሊፕ ሬፒንግደን ወደ ጎንት ሄደው ጥበቃ ለመኑ። ጎንት ስለ ቁርባን የሚሉትን በሰማ ጊዜ ትምህርታቸውን ተጸየፈና ለሊቀ ጳጳሱ ታዘዙ ብሎ መለሳቸው። በጁላይ የንጉሡ ደብዳቤ ወደ ኦክስፎርድ ወጥቶ ሁሉም እንዲባረሩ አደረገ። ሬፒንግደን በዚያው ዓመት ትምህርቱን ካደ። ዊክሊፍን ግን በስሙ ጠርቶ የፈረደበት የለም፤ በሉተርወርዝ ደብሩን እንደ ያዘ ቀረ። የመስፍኑ ጥላ ፈጽሞ እንዳልተነሣለት ከዚህ እናያለን።

የሉተርወርዝ ዓመታት በሥራ የተሞሉ ናቸው። በኖቬምበር 1382 ገደማ በሽታ መትቶት በከፊል ሽባ ቢሆንም መጻፉን አልተወም። ከላቲኑ የተመለሰው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም የተሠራው በእርሱ ዙሪያ በነበሩ ሰዎች ነው። የብሉይ ኪዳኑን ብዙ ክፍል የተረጐመው ሄርፎርድ ሲሆን፥ የዊክሊፍ የራሱ እጅ ምን ያህል እንዳለበት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በእጅ ከተጻፉት ቅጂዎች 250 ያህል እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። በ1383 የኖሪች ጳጳስ ሄንሪ ዲስፔንሰር በፓፓ ኡርባን ስም የመስቀል ጦርነት ብሎ ወደ ፍላንደርስ ሲዘምት፥ የኃጢአት ስርየት እየተሸጠ ሰው ሲመለመል ዊክሊፍ አጥብቆ ተቃወመ። በዚህ ጊዜ ማንም አልጠራውም፥ አበል የሚከፍለውም አልነበረም፤ ከፖለቲካ ጽሑፎቹ ሁሉ ለእኛ የሚበልጥብን ይህ ነው። ጳጳሱ ተሸንፎ ሲመለስ ፓርላማው ከሶት ርስቱ ተወረሰ። ዊክሊፍ ያስተማረው ነገር ቃል በቃል ተፈጸመ ማለት ነው፤ ርስቱ የገባው ግን እንደ ዊከም ጊዜ ሁሉ ለዘውዱ ነው።

ዊክሊፍ በዲሴምበር 28 ቀን 1384 ቅዳሴ ሲያዳምጥ ዳግመኛ በሽታው ጣለው፤ በ31 ሞተና በደብሩ ተቀበረ። ተከታዮቹ ሎላርዶች ተባሉ። በ1401 መናፍቅን በእሳት የሚያስቀጣ ሕግ በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ሕጉን ያጸናው ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ የጆን ኦቭ ጎንት ልጅ ነው። በንግሥት አን ምክንያት ከኦክስፎርድ ወደ ፕራግ የሄዱት መጻሕፍት በቦሄሚያ ያን ሁስን ስላስነሡ፥ የኮንስታንስ ጉባኤ በ1415 ሁስን አቃጠለ፤ የዊክሊፍም አጥንት ከመቃብር ወጥቶ ይጣል ብሎ አዘዘ። ሉተርወርዝ የሚገኘው በሊንከን ሀገረ ስብከት ነበር። በዚያ ጊዜ የሊንከን ጳጳስ፥ ካርዲናልም የነበረው ያ የቀድሞው ደቀ መዝሙር ፊሊፕ ሬፒንግደን ነው። መምህሩን ከካደ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1419 ጵጵስናውን እስኪለቅ ድረስ መቃብሩ አልተነካም። ትእዛዙን የፈጸመው ከእርሱ በኋላ የመጣው ጳጳስ ሪቻርድ ፍሌሚንግ ነው። በ1428 አጥንቱ ተቆፍሮ ተቃጠለ፤ አመዱም በሉተርወርዝ አጠገብ በምትፈሰው በስዊፍት ወንዝ ተበተነ።